ከእግዚአብሔር ጋር አንድ ሆኖ ለመኖር ከየት ልጀምር?

ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እምነት የሌለው ሰው አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ነው። ለጥምቀት ነጭ ለብሶ ታቦት ይሸኛል፣ ሁዳዴን ይጾማል፣ ታክሲ ውስጥ ሆኖ እንኳ ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ያማትባል። ውስጡን ስትጠይቀው ግን "እግዚአብሔርን አውቀዋለሁ እንጂ አብሬው አልኖርም" ይልሃል።

የምጽፈው ለዚህ ሰው ነው። የምናገረው ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ውስጥ ሆኜ ነው። ቄስ አይደለሁም፤ ስለዚህ እዚህ ያነበብከው ነገር የንስሐ አባትህ ከነገሩህ ጋር ከተጋጨ የእሳቸውን ያዝ፣ የእኔን ተወው። "አንተ" እያልኩ የምሄደውም ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው፤ እህቶቼ አትቀየሙኝ።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልናገረው። ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ይዘነዋል። "መጀመሪያ ልስተካከል፣ ከዚያ እቆርባለሁ" እንላለን። መጠጡን ልተው፣ ልብ ልግዛ፣ ላግባ፣ ልጆቼ ይደጉልኝ፣ ጡረታ ልውጣ። ነገ ዛሬ ስንል ጸጉራችን ይሸብታል። እስቲ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ሆነህ የሚቆርቡትን ተመልከት። ሕፃናት በእናቶቻቸው እቅፍ፣ ከዚያ ከዘራ የያዙ አባቶችና እናቶች። ዛሬ ዛሬ ወጣቶችም አሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን ቅጥር ግቢውን ከሞላው ወጣት አንጻር ስታየው እዚህ ግቡ የሚባሉ አይደሉም።

የሚገርመው ደግሞ ሁላችንም ጀምረነው ነበር። ወንድ ከሆንክ በ40 ቀንህ፣ ሴት ከሆንሽ በ80 ቀንሽ ስትጠመቂ በዚያው ዕለት ሥጋ ወደሙ ተቀብለሻል። ያቋረጥነው እኛ ነን። ጌታ "ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ በእኔ ይኖራል እኔም በእርሱ እኖራለሁ" ብሏል፤ ዮሐንስ 6፡56 ላይ ታገኘዋለህ። ከእግዚአብሔር ጋር አንድ መሆን እንዴት ነው ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የቀለለ መልስ እኔ አላውቅም። ጸሎቱም፣ ጾሙም፣ ምጽዋቱም ወደዚያ ማዕድ የሚያደርሱና ከዚያ የተቀበልነውን የሚጠብቁ ናቸው። ማዕዱን ትቶ ሌላውን ብቻ የያዘ ሰው ይደክመዋል፤ ደግሞም ለምን እንደሚደክመው አይገባውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራህ መጽሐፍ መግዛት ወይም ገዳም ለገዳም መዞር ሳይሆን የንስሐ አባት መያዝ ነው።

የንስሐ አባት

"አለኝ እኮ" ትል ይሆናል። ያሉት የእናትህ የንስሐ አባት ናቸው። በዓመት አንዴ ሁለቴ ቤት ይመጣሉ፣ ጸሎት አድርገው ጠበል ይረጫሉ፣ ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ፣ አንተ መስቀል ተሳልመህ "ሥራ አለብኝ" ብለህ ወደ ክፍልህ ትገባለህ። እሳቸው ስምህን ያውቁታል፤ ስለ ሕይወትህ ግን የነገርካቸው ነገር የለም።

እሳቸውኑ ብትይዝ ጥሩ ነው። የቤተሰብ አባት መሆናቸው የሚያሳፍርህ ከሆነ ደግሞ ሌላ አባት መያዝ ነውር የለውም። ሰፈርህ ወይም መሥሪያ ቤትህ አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ይሁኑ። ዝነኛ አባት ፍለጋ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው አለ፤ በረከት ያገኝ ይሆናል፣ ግን ማክሰኞ ማታ ፈተና ሲገጥመው የሚያገኛቸው አባት አይኖሩትም። ከቅዳሴ በኋላ ወይም በሠርክ ጸሎት ሰዓት ሂድ። የምታውቀው ካህን ከሌለ የሰበካ ጉባኤውን ጽሕፈት ቤት ወይም የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጆች ጠይቅ። ካህኑን ስታገኛቸው መስቀል ተሳለምና "አባ፣ የንስሐ ልጅዎ መሆን እፈልጋለሁ" በል። በቃ። ልጅ በዝቶባቸው ከሆነ ወደ ሌላ አባት ይመሩሃል።

ቀጠሮው ሲደርስ ምን እንደሚሆን ስለማያውቅ ብቻ የሚቀር ሰው ስላለ ዘርዘር ላድርገው። ከመሄድህ በፊት ወረቀት ላይ ጻፍ። ካህኑ ፊት ስትቀርብ አእምሮህ ባዶ ይሆንብሃል፣ የሁሉም ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በግቢው ጥግ፣ ዛፍ ሥር ወይም ከደጀ ሰላሙ አለፍ ብሎ ባለ አግዳሚ ላይ ነው የምትቀመጡት፤ ሰው ያያል፣ ማንም አይሰማም። እሳቸው ጸሎት ያደርጋሉ። ከዚያ ተናገር። "እንደ ሰው ኃጢአት አለብኝ" የምትል ዓረፍተ ነገር አለች፤ እሷን ቤት ጥለሃት ሂድ፣ ምንም አትናገርምና። "ዋሽቻለሁ" ብቻም አትበል። ማንን ዋሸህ፣ ምን ለማግኘት? ገንዘብ ከሆነ የማን ገንዘብ? የሚያሳፍረውን መጀመሪያ አውጣው፤ መጨረሻ ላይ ልናገረው ካልክ ሰዓት አለቀ ብለህ ትሸሻለህ። የሚስትህን፣ የአለቃህን፣ የወንድምህን ኃጢአት አትተርክ። እነሱም የራሳቸው የንስሐ አባት አላቸው።

ከጨረስክ በኋላ ይመክሩሃል፣ ቀኖና ይሰጡሃል። ስግደት ሊሆን ይችላል፣ ጾም፣ ዳዊት መድገም፣ ምጽዋት፣ ወይም የሁሉም ድብልቅ። ሌሊት ፈረቃ የምትሠራ፣ ወገብህን የሚያምህ፣ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ እዚያው ንገራቸው፤ ቀኖናው እንደ አቅምህ ይስተካከላል። ቤት ገብተህ "ይሄማ በዛ" ብለህ በራስህ መቀነስ ወይም የሚቀንስልህ ሌላ ካህን መፈለግ ግን ከሐኪም ሐኪም እየዞሩ የሚወዱትን ማዘዣ መፈለግ ነው። ቀኖናህን ስትፈጽም ትመለሳለህ፣ "ይፍቱኝ" ትላለህ፣ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይሉሃል።

ሁለት ነገር አስቀድመህ ጨርስ። የሰው ገንዘብ በእጅህ ካለ መልስ፤ በአንድ ጊዜ ካልቻልክ በየወሩ። የተጣላኸው ሰው ካለ ደውልለት። ጌታ መባህን እዚያው ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ያለውን ታውቀዋለህ። ሰውየው ስልኩን ዘጋብህ እንበል፤ ለካህኑ ንገራቸው፣ ከአንተ የሚጠበቀውን እሳቸው ያውቃሉ።

የምትቆርብበት ቀን

ሥርዓቱ ከባድ የሚመስለው ሳይሞክሩት ነው። ከመቁረብህ በፊት 18 ሰዓት ውኃም ሳይቀር አትቀምስም። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ የምትቆርብ ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት በልተህ ጨርስ። ባለትዳሮች ሦስት ቀን አስቀድመው ከአልጋ ይታቀባሉ፣ ከቆረቡም በኋላ ሁለት ቀን። ሰውነትህን ታጠብ፣ ንጹሕ ልብስ ልበስ፣ ነጠላህን መስቀለኛ አጣፋ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቆርብ ሰው እኔ ፍልሰታን እመክራለሁ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለቱን ሳምንት በየዕለቱ ቅዳሴ አለ፣ የሚቆርበውም ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ብቻህን የቆምክ አይመስልህም። ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር ቅዳሴው ከሰዓት ስለሆነ ማታ በጊዜ ራትህን በልተህ ብትተኛ 18 ሰዓቱ በእንቅልፍና በሥራ ያልፍልሃል።

ቅዳሴው ሲጀመር ድረስ። ካህኑ "ሚ መጠን ግርምት ዛቲ ዕለት" ሲሉ ውስጥ ሁን። ግዕዙ ካልገባህ ግዕዝና አማርኛውን ጎን ለጎን ያተመ የቅዳሴ መጽሐፍ ግዛና ቤት ውስጥ አስቀድመህ አንብበው። አንድ ቦታ ላይ ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" ሲል ምእመኑ ግራና ቀኝ ዞሮ እርስ በርሱ እጅ ይነሳሳል። ብዙ ሰው አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋታል። አንተ ግን በዚያች ቅጽበት የተቀየምከውን ሰው አስብ፤ በልብህ ይቅር ሳትለው ወደ ፊት አትለፍ።

ሰዓቱ ሲደርስ ጫማህን አውልቀህ በተራህ ትቀርባለህ። ካህኑ ሥጋውን በእጃቸው ያቀብሉሃል፣ ዲያቆኑ ደሙን በዕርፈ መስቀል፣ ማለትም መስቀል ባለበት ማንኪያ። አፍህን በነጠላህ ትሸፍናለህ፣ ጠበል ትጠጣለህ፣ "እትው በሰላም" እስኪባል አትወጣም። ያን ቀን አትትፋ፣ በባዶ እግርህ አትሂድ፣ አትታጠብ፣ ሩቅ መንገድ አትጀምር። እኔ አንድ እጨምራለሁ፤ ስልክህን እስከ ማታ ዝጋው። ሥርዓት ውስጥ አልተጻፈም፣ ግን ከቅዳሴ ወጥቶ ደጅ ላይ ቆሞ ፌስቡክ የሚከፍት ሰው ሳይ ያበሳጨኛል።

በየስንት ጊዜው ልቁረብ? ይህን የንስሐ አባትህ ይወስናሉ። "ራሴን ሳየው አይገባኝም" ብለህ እንዳትቀር ብቻ። ቅዱስ ጳውሎስ "ሰው ግን ራሱን ይፈትን" ካለ በኋላ እዚያው "እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ" ይላል። ፈተናው እንድትቀርብ ነው የተሰጠው።

ጸሎት፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ

እሑድ አለፈ። ሰኞ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመሃል። አሁንስ?

ቤተ ክርስቲያን ሰባት የጸሎት ጊዜ አላት፤ ዳዊት "ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ" እንዳለው። ነግህ ስትነሣ፣ 3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት፣ 6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ 9 ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት፣ ሠርክ 11 ሰዓት፣ ንዋም ስትተኛ፣ ከዚያ መንፈቀ ሌሊት። ይህን ሰምቶ የተጋጋለ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሰባቱንም ይይዛል፣ በሁለተኛው ሳምንት ሰባቱንም ይጥላል። አንተ በሁለት ጀምር፣ ጠዋትና ማታ።

ጠዋት ስልክህን ከመንካትህ በፊት ፊትህን ታጠብ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረህ ቁም፣ አማትብ። አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ቀን የተከፈለ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ጠዋት መጨረስ አይጠበቅብህም። ቀስ ብለህ ብታነበው እንኳ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ማታ አንድ መዝሙር ከዳዊት፣ ከዚያ ቀኑን ከጠዋት ጀምረህ በሐሳብህ ሂድበት፤ ማንን አስቀየምኩ፣ የት ዋሸሁ፣ እግዚአብሔር ምን አደረገልኝ። ያገኘኸውን ለሚቀጥለው ንስሐ ያዘው። "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" 12 ጊዜ በልና ተኛ። ስግደት ከጨመርክ በሰንበትና በበዓለ ኃምሳ እንደማይሰገድ አስታውስ።

ይህ ሁለቱ ሲጸናልህ የቀን ሰዓቶቹን በትንሹ አስገባቸው። 9 ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ ነህ እንበል። ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብለህ፣ ከንፈርህ እንኳ ሳይንቀሳቀስ፣ "ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ ማረኝ"። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ አጠገብህ ያለችው ባልደረባህ ሪፖርት የምታስብ ይመስላታል። ሹፌር ከሆንክ ቀይ መብራት ላይ፣ ነጋዴ ከሆንክ ሱቁን ስትከፍት፣ እናት ከሆንሽ ጡት ስታጠቢ። ሳታቋርጡ ጸልዩ የተባለው ለመነኮሳት ብቻ አይደለም፤ የተሰሎንቄ ሰዎች ባለ ሥራና ባለ ቤተሰብ ነበሩ።

ዳዊት ማዘውተር ከፈለግህ አንድ ንጉሥ፣ ማለትም አሥር መዝሙር፣ በቀን ብታደርስ በ15 ቀን 150ውን ትጨርሳለህ። በአማርኛ ማንበብ ያስነውራል ብሎ ግዕዙን ሳይገባው የሚያነበንብ አለ። ግዕዙን ተማር፣ በጣም ጥሩ ነው፤ እስክትማር ድረስ ግን በሚገባህ ቋንቋ አንብብ።

ሌላው ልበልህ፣ ስብከት መስማት ጸሎት አይደለም። ዩቲዩብ ላይ ሁለት ሰዓት ስብከት ሰምቶ አምስት ደቂቃ መቆም ያቃተው ብዙ ነው። ቲክቶክ ላይ የሃይማኖት ክርክር ሲያይ የሚያድር ደግሞ አለ፤ እሱ ጠዋት የሚነሣው በንዴት ነው።

ጾምና አፍ

ስለ ጾም ሕጉን ታውቀዋለህ፤ ረቡዕና ዓርብን፣ 55 ቀን ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ነነዌን አላስተምርህም። የማነሳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰዓት። ከሥጋና ከወተት ተከልክሎ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፉል በዳቦ የሚያጣጥም ሰው ምግብ መረጠ እንጂ አልጾመም። እስከ 6 ሰዓት ጀምር፤ በሁዳዴ እስከ 9 ለማድረስ ሞክር። ጤናህ የማይፈቅድ ከሆነ የንስሐ አባትህን ጠይቅ፣ በግድ አትውደቅ። ሁለተኛ፣ ልክ። የጾም ኬክ፣ የጾም ማኪያቶ፣ የጾም በርገር በየካፌው አለ፤ ኃጢአት ነው አላልኩም፣ ግን የጾም በያይነቱ ከፍስኩ ምሳ ይበልጥ ካስወጣህ የተረፈ ነገር የለህም። ኢሳይያስ 58ን አንብበው። እግዚአብሔር የመረጠው ጾም "እንጀራህን ለተራበ ትቆርስ ዘንድ" ያለበት ነው። ሥጋ ባለመብላትህ የቀረውን ብር በፖስታ አስቀምጥና ሳምንቱ ሲያልቅ ስጥ።

ለማን? ደጀ ሰላም ላይ "ስለ ማርያም" ለሚሉት ስጥ። ከዚያ በፊት ግን ቤትህን እይ። የሠራተኛሽን ደመወዝ በሰዓቱ ትከፍያለሽ? የጥበቃው ሽማግሌ ሌሊት ብርድ ላይ ሲያድሩ ሻይ ወስዶላቸው የሚያውቅ አለ? ቅዳሴ አስቀድሶ መጥቶ ሠራተኛዋን በስድብ የሚያስለቅስ ቤት ስንት አለ! ይህን ስጽፍ ይናደኛል።

ከሁሉም የሚከብደው አፍ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሥጋ ወደሙ የገባበት አፍ ነው ቡና ላይ ተቀምጦ ጎረቤት የሚያማው። ለዚህ የሚረዳ ተራ ዘዴ አለ፤ ሐሜት ሲጀመር ስለ ሰውየው አንድ መልካም ነገር ተናገር፣ ካልተቻለ ቡናውን ለማቅረብ ተነሣ። መጀመሪያ "ጻድቅ ሆነች" ይሉሻል፣ ከዚያ ይለምዱታል።

ቤተ ክርስቲያን ለሌለበት ሰው

አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሪ እህቴ ይህን ታነቢ ይሆናል። ሳዑዲ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ሌላ አገር ብትሆኚም ማዳም እሑድ ላታስወጣሽ ትችላለች። ቅዳሴ ስላልደረስሽ እግዚአብሔር የራቀሽ አይምሰልሽ። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ፣ ልብስ የምትተኩሺባት ክፍል ውስጥም ቢሆን፣ ቆመሽ አቡነ ዘበሰማያት በይ። ዳዊትና ውዳሴ ማርያም በስልክሽ ላይ ይኑሩ። አገር ቤት ካለው የንስሐ አባትሽ ጋር በስልክ ተገናኚ፣ ምክራቸውን ስሚ፤ የጾሙን ነገር ከሥራሽ ክብደት ጋር አስተያይተው ይነግሩሻል። ለቤተሰብ በምትልኪው ብር ውስጥ ትንሽ ለነዳይ እንዲሰጥልሽ አድርጊ። ውል ጨርሰሽ ወይም ለእረፍት ስትመጪ ደግሞ ዘመድ ጥየቃው ሳያልቅ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ንስሐ ግቢ። ከዚያ በኋላ ሠርጉ፣ ልቅሶው፣ እንግዳው ይበላዋል።

ስትወድቅ

ትወድቃለህ። በቆረብክ በሳምንትህ ያንኑ የድሮውን ኃጢአት ልትሠራ ትችላለህ። ያኔ የሚመጣው ሐሳብ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "አየህ፣ አንተ ለዚህ አልተፈጠርክም፣ ቅዱሱን ነገር ከማቃለል ብትተወው ይሻላል።" ይህ ሐሳብ ትሕትና ይመስላል። ብዙ ሰው አሥር ዓመት የጠፋው በዚህ ነው።

ስለዚህ ገና ሳትወድቅ ከንስሐ አባትህ ጋር ተስማማ፤ ቢፈጠር በዚያው ሳምንት እደውላለሁ በላቸው። ሁዳዴ እስኪገባ አትጠብቅ። ጠዋትና ማታ የያዝከውን ጸሎትም በዚያ ቀን አታቋርጥ፤ በተለይ በዚያ ቀን። አፍሮ ዝም ያለ ሰው እየቆየ የሚያፍርበት ነገር ይበዛበታል። ስትሄድም አዲስ ነገር ለመናገር አትጨነቅ፣ "አባ፣ ያው ነው" ብለህ ጀምር። እሳቸው ለምን እንደምትወድቅ ይጠይቁሃል፤ ከማን ጋር ስትሆን ነው፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው፣ ስልክህ የት ያድራል? ያ ንግግር ከስግደቱ በላይ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

ዓመት ሲሞላህ የጸሎቱን ልክ ልጨምር ካልክ ጠይቃቸው። በራስህ አትጨምር። ልክ እንዲቀንሱልህ መጠየቅም ትችላለህ፤ ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲታመም፣ ሥራ ሲለወጥ ሕይወት ይቀየራል። ቅዳሜ ማታ የሠርክ ጸሎት ላይ ሄደህ ብታገኛቸው ከእሑዱ ግርግር ይልቅ ጊዜ ይኖራቸዋል።